ከለገሃሩ አንበሳ እስከ ናጋድ ጣቢያ

እኛ በጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከባቡር ታሪክ ተለይተን አናውቅም። ሐዲዱ ከዚሁ ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። በዓመቱ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመ። በመቆሚያው ላይ የዳግማዊ ምኒልክ፣ የንግሥት ዘውዲቱ፣ የኃይለ ሥላሴና የራስ መኰንን ምስሎች ተቀርጸዋል። ፊደል ያልቆጠረ መንገደኛ እንኳ ከባቡር ወርዶ ሲወጣ የት እንደ ደረሰ ሰው መጠየቅ አያሻውም ነበር።

ጣሊያን አንበሳውን ነቅሎ ሮም የወሰደው ይህን ተረድቶ ይመስለናል፤ እዚያም በዶጋሊ ሐውልት ሥር አቆመው። በ1937 ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በዚያው ስፍራ ጎራዴውን መዝዞ ጣሊያኖችን አቆሰለ፤ ከእስሩም ሳይወጣ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ አረፈ። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ ለገሃር ተመለሰ።

በጥር 2017 የተመረቀው የናጋድ ጣቢያ ሰፊ ነው፤ ቻይናዎች ሠርተውታል። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የቀድሞውን ሐዲድ የዘረጉትን ሠራተኞች የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ቢኖር እንወዳለን። ማኅበራችን ፈቃዱን ይጠይቅልን፤ የቀለሙን ወጪ እኛ ነጋዴዎቹ እንችላለን።