ከጁገል ግንብ እስከ አውሳ ሜዳ

የአገራችን ጥንታውያን መናገሻ ከተሞች ሲቆጠሩ አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ቀድመው ይነሣሉ። እኛ የአዋሽ አርባ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ግን ለዘንድሮው የታሪክ ጉብኝት ሐረርን መረጥን። የመረጥንበትም ምክንያት የመንገዱ ማጠር ብቻ አይደለም፤ ወደ ፊት እንገልጸዋለን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ገና ሳይነጋ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥተን በሚኤሶ በኩል ወደ ጨርጨር ተራሮች ወጣን። እንደኛ ቆላ ለለመደ ሰው አሰበ ተፈሪ ላይ ጋቢ ያስፈልገዋል። ጨለንቆ ስንደርስ መምህራችን አውቶቡሱን አስቆሙት። ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በ1887 የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ያደረጉት በዚህ ስፍራ ነው። ከዚያ በፊትም ከ1875 እስከ 1885 ድረስ ግብፆች ከተማይቱን ይዘዋት ነበር። ምኒልክ ሐረርን እንዲያስተዳድሩ የሾሙአቸው ራስ መኮንን ያሠሩትን የቁልቢ ገብርኤልን ተሳልመን ጉዞአችንን ቀጠልን።

የሐረር ሰዎች ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ ትርጉሙም ከተማ ማለት ነው። የአዳል ሱልጣን አቡበከር መናገሻውን ከደከር ወደዚህ ያዛወረው በ1520 ነበር። ጥቂት ቆይቶ ኢማም አሕመድ ኃይሉን ሰብስቦ በደጋው አገር ላይ ዘመተ፤ በ1543 እርሱ በጦርነት ከወደቀ በኋላ ሚስቱ ባቲ ድል ወንበራ ደሙን እንዲመልስላት አሚር ኑርን እንዳስማለችው ይነገራል። ኑርም በ1559 ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገደለ። ዛሬ ጁገል ተብሎ የሚጠራውን ግንብ ያሠራውም ይኸው ድል አድራጊ አሚር ነው።

በክፍላችን ክርስቲያንም እስላምም ስላለ ይህን ታሪክ አንዳችን በሐዘን፣ ሌላችን በኩራት ስንሰማው ነው ያደግነው። ከግንቡ ሥር ቆመን ስንነጋገርበት ግን አንድ ነገር ሁላችንንም አስገረመን። ያሸነፈ ሰው ለምን ግንብ ያሠራል? ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚዞር ድንጋይ የሚከምር አሚር፣ ድሉ እንዳያዛልቀው ገብቶት ኖሮአል ማለት ነው።

በጥንቶቹ አምስት በሮች አንድ በአንድ ወጥተን ገባን፤ ጠባብ መንገዶቹ መንገደኛውን ወዲያው ያጠፉታል። እንግሊዛዊው በርተን በ1855 ከዚህ ደርሶ ዐሥር ቀን ያህል ሰንብቶአል። የራምቦ ቤት ተብሎ የሚታየውን ግን ባለቅኔው አልኖረበትም፤ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ከሁሉ የወደድነው የሐረሪዎቹን ቤት ነው፦ በየደረጃው ከፍ ዝቅ ያለ መደብ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረ ሰፌድና ሳሕን። ስለ ጅቦቹ ብዙ ስለ ተጻፈ እናልፋለን።

ስንመለስ በደንገጎ ወርደን ድሬዳዋ አጠገብ ያለችውን ሐርላን አየን። የአካባቢው ገበሬዎች ትላልቆቹን ድንጋዮች እያዩ ከተማዋን የሠሩአት ግዙፋን ሰዎች ናቸው ይሉ ነበር። የእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ቆፍረው በ2017 እንደ ገለጡት ግን ነዋሪዎቹ እንደኛው ያሉ ሰዎች ናቸው፤ በ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ ነበራቸው፤ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃም ይገዙ ነበር። ሐረር መናገሻ ከመሆንዋ አራት መቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ምክንያታችን እንምጣ። የአዳል ሠራዊት በዐፄ ሠርጸ ድንግል ከተመታና ኦሮሞዎችም ከደቡብ እየገፉ ከመጡ በኋላ፣ ኢማም ሙሐመድ ጋሳ በ1577 ያንን የግንብ ከተማ ትቶ መናገሻውን ወደ አውሳ አዛወረ። አውሳ ማለት የኛው አዋሽ የሚያልቅበት አገር ነው። ወንዛችን በጊንጪ አካባቢ ከደጋ ተነሥቶ፣ በደጃችን አልፎ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በፊት ግን በአውሳ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ በበረሃው መካከል ሣርና እህል ያበቅላል፤ በዙሪያው ያለው በረሃም ከድንጋይ ግንብ የማይተናነስ መከላከያ ነበር። ሐረር ተለይታ በዓሊ ኢብን ዳውድ የራሷን አሚር ያቆመችው በ1647 ነው። ስለዚህ ሰባ ዓመት ሙሉ መናገሻነቱ የሐረር ሳይሆን የአዋሽ ሸለቆ ነበር። በኋላም አፋሮቹ የሙዳይቶ ሱልጣኖች በዚያው በአውሳ ነገሡ።

ይህን በክፍል ስንማር አንድ መስመር ብቻ ነበር። ቆላው ነጋዴና ግመል የሚያልፍበት እንጂ መንግሥት የሚቀመጥበት አይመስለንም ነበር። የአፋር ክልል ዋና ከተማ እንኳ ወደ ሰመራ ከመዛወሩ በፊት እዚያው አውሳ ውስጥ፣ አሳይታ ነበር።

በአውቶቡሱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ግንብና በር የሌለውን ምን ብለን እንጎበኛለን አልን፤ የአሳይታ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ግን «ወንዙን ነዋ!» ብሎ መለሰ። መንገዱ ከትምህርት ቤታችን ደጅ ተነሥቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ አድርጎ ይደርሳል። የሚመጣው ዓመት ክፍል በዚህ እንዲሄድ ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ አመልክተናል፤ መልሱን እንጠብቃለን።