እምብዛም የማይከሰቱ ካንሰሮች፡ የመነሻ ምርምርና የገንዘብ ምንጩ

በአውሮፓ አመዳደብ እምብዛም የማይከሰቱ የሚባሉት ካንሰሮች በዓመት ከ100 ሺህ ሰዎች መካከል ከ6 ባነሱት ላይ የሚገኙት ናቸው። እያንዳንዳቸው ጥቂት ሰዎችን ቢያጠቁም ሲደመሩ በአህጉሩ ከሚመዘገበው ካንሰር አንድ አምስተኛ ያህሉን ይይዛሉ። በሕፃናት ላይ የሚታዩት ካንሰሮች በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በዚሁ ምድብ ይጠቃለላሉ።

የሕሙማኑ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ የመድኃኒት ኩባንያዎች ገና ውጤቱ ባልታወቀ ምርምር ላይ ገንዘባቸውን ለማፍሰስ አይደፍሩም። በመሆኑም በሽታውን የመለየት፣ የመቁጠርና መንስኤውን የማፈላለግ የመጀመሪያ ሥራ ወጪው በአብዛኛው በመንግሥት፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ላይ ይወድቃል።

ወጪው ግን ሁልጊዜ ከፍተኛ ነው ማለት አይደለም። ለዚህም ከኡጋንዳ የተነሳው የበርኪት ሊምፎማ ታሪክ ዋነኛው ማስረጃ ነው። በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ያገለግሉ የነበሩት አየርላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ዴኒስ በርኪት በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1958 በጽሑፍ አስታወቁ። በ1961 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በአሮጌ መኪና 10 ሺህ ማይል ተጉዘው ከ50 የሚበልጡ ሆስፒታሎችን ሲጎበኙ ጠቅላላ ወጪያቸው 678 ፓውንድ ብቻ ነበር። የበሽታው ሥርጭት ከቦታው ከፍታና ሙቀት ጋር እንደሚያያዝ የታወቀውም በዚህ ጉዞ ነው።

የበርኪትን ንግግር ለንደን ላይ ያደመጡት አንቶኒ ኤፕስታይን ከአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ባገኙት 45 ሺህ ዶላር ረዳቶች ቀጠሩ። ከካምፓላ በአውሮፕላን ከተላኩት ናሙናዎች አንዱ በጭጋግ ምክንያት ማንቸስተር አርፎ ዘግይቶ ቢደርስም፣ ተበላሽቷል ተብሎ የተሠጋው ፈሳሽ በሕይወት ያሉ የዕጢ ሴሎችን ይዞ ተገኘ። ከነዚሁ ሴሎችም ዛሬ ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ በ1964 ይፋ ሆነ።

የከፍታውና የሙቀቱ ጥያቄ ለሐዋሳ ባዕድ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ሲሆን፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከደጋውም ከወባማው ቆላም የሚመጡ ሕሙማንን ያስተናግዳል። እንዲህ ያለ አቀማመጥ ላለው ተቋም የተሟላ የካንሰር መዝገብ ራሱ አንድ ምርምር ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው መዝገብ የከተማይቱን ነዋሪዎች መሠረት ያደረገ ነው። በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም በደም ካንሰር ያረፈ ሕፃን መታሰቢያ ሲሆን፣ ሕሙማንን በመርዳትና ግንዛቤ በማስፋት ይታወቃል።

ለመነሻው ሥራ የሚያስፈልገው የናሙና ማቆያ ፎርማሊን፣ የፓቶሎጂ ባለሙያ፣ መዝጋቢ ሠራተኛና የሕሙማን መከታተያ ስልክ ነው። የበርኪት ሊምፎማ ቀደም ብሎ ከታወቀ በመድኃኒት ሊድን የሚችል ቢሆንም ሴሎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ በእጥፍ ይባዛሉ፤ ከወረዳ ሆስፒታል የተላከ ናሙና ውጤት ሳምንታት ከፈጀ ሕፃኑ ሕክምና የሚጀመርበት ጊዜ ያልፈዋል።