የኅዳር በሽታና የትምህርት ቤት ዝግጅት

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ፤ ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» አለው። በከተማይቱ ወደ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ በእነርሱ አማካይነት ምክርን ለየቤቱ ማድረስ የሚታሰብ አልነበረም።

በዚያው ወረርሽኝ አያሌ የአሜሪካ ከተሞች ትምህርት ቤቶቻቸውን ሲዘጉ፣ ኒው ዮርክ ክፍት አድርጋ ቆየች። ብዙዎቹ ተማሪዎች ከተጨናነቀ ቤት የሚመጡ ሲሆኑ፣ በትምህርት ቤት ግን በየማለዳው ይታዩ፣ የታመመው ወደ ቤቱ ይሸኝ፣ የቀረውም በቤቱ ይጠየቅ ነበር። ይህም የተቻለው የትምህርት ቤት ሐኪሞችና ነርሶች አስቀድሞ ተደራጅተው ስለነበር ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዲቀጥል ተሞከረ፤ መሣሪያው በቤቱ ለሌለው ልጅ ግን ተቋረጠበት።

እንግዲህ ዝግጅት የሚጀመረው በሽታው ከመግባቱ በፊት ነው፤ ይኸውም የቀሪዎችን መዝገብ በየዕለቱ በመያዝ፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ በማሟላት፣ ከጤና ጣቢያው ጋር በመመካከርና ራዲዮ ለሌለው ልጅ የታተመ ትምህርት በማዘጋጀት ነው። መዝገቡን የሚይዘው መምህር የወረርሽኙን መግባት ከማንም ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል።