እረኝነት፣ የኔታና አስኳላ
የልጆች ትምህርት ታሪክ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ልጅን ማስተማር ለብዙ ዘመን የወላጅ ጉዳይ እንጂ የመንግሥት ጉዳይ አልነበረም። አባት ልጁን ከመንጋው ጋር ያውለዋል፤ አለዚያም ለየኔታ ይሰጠዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሦስተኛ መንገድ መጣ፤ ሕዝቡም አስኳላ አለው። የአካባቢው የትምህርት ታሪክ በአብዛኛው ቤተሰቦች አንድን ልጅ ለእነዚህ ሦስት ፈላጊዎች እንዴት እንዳከፋፈሉት የሚያሳይ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ቤቱ ራሱ ነበር። በገብስና በበግ በሚኖር አገር ወንድ ልጅ ገና በአምስትና በስድስት ዓመቱ ግልገል ይጠብቃል፤ ጠንከር ሲል በጎቹን፣ ከዚያም ከብቱን ይረከባል፤ ለአቅመ አዳም ሲቃረብ ሞፈር ይጨብጣል። ሴት ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ ኩበት ትለቅማለች፣ ባናና ዝተት የሚሠራበትን የበግ ጠጉር መፍተል ከእናቷ ትማራለች። በ1950ዎቹ መግቢያ መንዝ ውስጥ ኖሮ ያጠናው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን፣ በ1965 እ.ኤ.አ. በታተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘ መጽሐፉ፣ ለታላላቆች መታዘዝ በአማራ ገበሬ ቤት የልጅ አስተዳደግ ዋና ዓላማ መሆኑን አሳይቷል።

ሁለተኛው መንገድ የሚጀምረው ከደብሩ ቅጥር ወይም ከየኔታ ደጃፍ ነው። ልጁ ፊደልን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይቆጥራል፤ አቡጊዳንና ፊደለ ሐዋርያን ይዘልቃል፤ ከዚያ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ምላሱን ያፍታታል። የዚህ እርከን መደምደሚያ ዳዊት መድገም ነው። ልጁ ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሳሉ፤ የኔታም ድካማቸው በእህል ወይም በጉልበት ይካሳል። የትምህርቱ ግብ ማንበብ ነበር። ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ በመሆኑ ዳዊት የደገመ ሁሉ ይጽፋል ማለት አልነበረም።

በባለጸጎችና በመኳንንት ቤት ግን መምህሩ ራሱ ወደ ልጆቹ ይመጣል። ቄስ ወይም ደብተራ ከቤተሰቡ ጋር እየኖረ ወይም እየተመላለሰ ያስተምራል። በመኳንንት ወገን ዳዊት የሚደግሙ ሴቶች የተገኙት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤ ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር የኔታ ዘንድ መዋሏ የተለመደ አልነበረምና። ዛሬ በሌላው ዓለም የቤት ውስጥ ትምህርት ለሚባለው ከአገሩ ታሪክ የሚቀርበው ይህ ነው።

ከዳዊት በኋላ ምርጫው ይከብዳል። ዜማ፣ ቅኔ፣ አቋቋምና መጻሕፍት የሚፈልግ ልጅ አገሩን መልቀቅ ነበረበት። ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ወደ ዋድላ፣ ወደ ጎጃም ወይም ወደ ጎንደር ይሻገራል። አባት እረኛውንና አራሹን ስለሚያጣ እሺ የሚለው ሁሌ አልነበረም፤ ሳይሰናበት ሌሊት የሚጠፋ ተማሪም ብዙ ነበር። በሌላ በኩል ርስት በአባትም በእናትም ወገን ለልጆች ሁሉ የሚደርስ በመሆኑ ድርሻው ከትውልድ ትውልድ ይጠብባል። ልጅ ለበዛበት ቤት አንዱን ለቤተ ክህነት መስጠት በመሬቱ ላይ ያለውን ጫና ያቃልላል።

በዚህ ጎዳና እስከ ጫፍ የደረሱም አሉ። በመርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው ደራሲና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። የሰሜን ሸዋው ተወላጅ አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ኅሩይ ራሳቸው በየኔታ እጅ ቢያድጉም ልጆቻቸውን ግን ለዘመናዊ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ልከዋል፤ ከእነርሱም ሲራክ ኅሩይ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ወደ አማርኛ መልሷል።

የመንግሥት ትምህርት የተጀመረው ከደጋው ርቆ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ፤ ይህም የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል የሚለውን የቤተ ክህነት ስጋት ለማብረድ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሰሜን ሸዋ ራስ አበበ አረጋይን የመሳሰሉ አርበኞች የተዋጉበት ምድር ስለነበር ትምህርት ወደ ገጠሩ የሚዘልቅበት ጊዜ ዘገየ። ከነጻነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ጣለ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ልጁን ላከም አልላከም ለአስኳላ ይከፍል ነበር።

ትምህርት ቤቱ ግን እንደ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ባሉ ከተሞች እንጂ በየሰፈሩ አልነበረም። ከሩቅ የሚመጣ ልጅ ቤት ተከራይቶ፣ በሶና ድርቆሽ ሰንቆ፣ ስንቁ ሲያልቅ ወደ ወላጆቹ እየተመለሰ ይማራል። ፊደል የቆጠረ ልጅ አስኳላ ሲገባ ማንበቡ ስለሚቀለው፣ ብዙ ቤተሰብ አንዱን ትቶ ሌላውን ከመያዝ ይልቅ መጀመሪያ የኔታ ዘንድ፣ ቀጥሎ አስኳላ ማስገባትን መረጠ።

የ1967 ዓ.ም. ለውጥ ሚዛኑን አናጋው። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲያስቀር የቤተ ክርስቲያንንም መሬት ወሰደ፤ ካህናቱና መምህራኑ የሚተዳደሩበት የሰሞን መሬትም አብሮ ቀረ። በዚያው ዘመን 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወረዱ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ፊደልን ለአባወራውም፣ ለእማወራዋም፣ ለእረኛውም አደረሰ። የንባብ በር ከደብሩ ቅጥር ውጭ በሰፊው የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ደነገገ። በገጠር ትምህርት ቤቶች የተለመደው የፈረቃ አሠራር ለእረኝነትም ቦታ ተወለት፤ ልጁ ግማሹን ቀን ይማራል፣ ግማሹን ከከብቱ ጋር ይውላል። ቆይቶ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተከፈተው የዜሮ ክፍል ፊደል የማስቆጠሩን ሥራ ከየኔታ ተጋራ። ዜማው፣ ቅኔውና ትርጓሜው ግን አስኳላ ያልገባባቸው ናቸውና በአብነት ትምህርት ቤት እጅ ቀሩ።