ሐይቁ አጥር ነበር ወይስ መንገድ?

ባለፈው ሰሞን እዚሁ አዳማ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ሆነን «የካፒቴን ኮሬሊ ማንዶሊን» የተባለውን ፊልም አየን። በ1993 ዓ.ም. የወጣ ነው። ቦታው ከፋሎንያ የምትባል የግሪክ ደሴት፣ ዘመኑ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የሐኪም ልጅ የሆነችው ፔላግያ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ታጭታ ሳለ አገሯን ከያዘው የጣሊያን ጦር አንድ ማንዶሊን ተጫዋች መኰንን ትወዳለች። በመጨረሻም ጀርመኖች የትናንት ጓዶቻቸውን ጣሊያኖች ይረሽናሉ፤ ይህም በመስከረም 1936 በእውን የተፈጸመ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች አልቀዋል።

ልጆቹ አለቀሱ፤ እኔም ዓይኔን አሻሸሁ፣ አልዋሽም። መብራቱ ሲበራ ግን አንዱ ጓደኛችን፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የካቲት 12ን ረሳችሁት እንዴ?» አለ። ዝም አልን። ጃንሆይ አዲስ አበባ በገቡበት በዚያው በሚያዝያ 1933 ነው ጣሊያን ከፋሎንያን የያዘው። እዚህ ያቃጠለውም እዚያ ማንዶሊን የመታውም የአንድ መንግሥት ጦር ነው። ፊልሙ አንድ ደግ ሰው መርጦ ሲያስወድደን የጦሩን ሥራ ከዓይናችን ጋረደብን።

እስቲ ነገሩን ወደ ሰፈራችን ላምጣው። ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆና በመቂ በኩል ባቱ፣ ማለት ዝዋይ፣ የደረሰ ሰው ሐይቁ ላይ ደሴቶች ያያል። በእነዚህ ደሴቶች የዛይ ሕዝብ በእርከን እያረሰ፣ ዓሣ እያጠመደ፣ ሸማ እየሠራ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ቋንቋው ለስልጢኛና ለሐረሪ የቀረበ ነው። እንደ አፈ ታሪኩም ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ከአክሱም ሸሽታ በደሴቱ 70 ዓመት ያህል ተቀምጣለች። በዳርቻው ደግሞ ከብት አርቢው የአርሲ ኦሮሞ ነበር። በሁለቱ መካከል ግጭት አልጠፋም።

እንግዲህ የፊልም ሰው ይህን ቢያገኝ ምን ያደርጋል? አንዲት የዛይ ልጃገረድ፣ አንድ የአርሲ ጎረምሳ፣ በመሃል ታንኳና ጨረቃ። መጨረሻ ላይ የንጉሥ ምኒልክ ጦር ይደርስና ደወል ተደውሎ «ነፃ ወጡ» ይባላል። አለቀ።

የታሪክ ተማሪ እጁን ማውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው። እርግጥ ከዘመቻው በኋላ የደሴቱ ሰው ወደ ዳር ወጥቶ መስፈር ችሏል። ለአርሲው ግን ያ ዘመን ራስ ዳርጌ የመሩትን ጦር ለዓመታት ተቋቁሞ በ1878 ዓ.ም. ማለቂያ አዙሌ ላይ የተሸነፈበት፣ መሬቱ ተወስዶ በገዛ አገሩ ገባር የሆነበት ነው። መሬት ለአራሹ እስከታወጀበት እስከ የካቲት 1967 ድረስ ያን ቀንበር ተሸክሟል። አንድ ዘመን፣ ሁለት ትዝታ። ካሜራው ታንኳው ላይ ብቻ ከተተከለ የዳሩ ሰው ጦር የያዘ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ዳር ላይ ብቻ ከተተከለ ደግሞ የደሴቱ ሰው የወራሪ ወዳጅ ይባላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ዛሬም ሰው እንደሚያጣላ በየዶርማችን እናያለን።

በበኩሌ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ትልቁ ደሴት ሁለት ስም አለው፤ ደብረ ጽዮንም ቱሉ ጉዶም ይባላል። ቱሉ ጉዶ በኦሮምኛ «ትልቁ ተራራ» ማለት ነው። ሐይቁም እንዲሁ ዝዋይም ደምበልም ነው። ዛዮች ኦሮምኛ ይናገራሉ። ከፊሉ ወደ ዳር ከወጡ በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በጠላትነት ብቻ የጎረቤት ቋንቋ እቤት ድረስ አይገባም፤ ቅቤና ሸማ፣ ዓሣና እህል ሲለዋወጡ፣ አማች ሲሆኑ ነው የሚገባው ብዬ እገምታለሁ። ውሃው ባንዱ ቀን አጥር፣ በሌላው ቀን መንገድ ነበር።

ከመካከላችሁ ፊልም ለመሥራት የሚያስብ ካለ፣ ፍቅሩን አይተወው፤ ፍቅር ከሌለ ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ግን ጎረምሳው ልጅቷን ተሰናብቶ በሌሊት ወደ ዳር ሲመለስ ካሜራው አብሮት ይመለስ። እናቱ በር ላይ ቁማ ትጠብቀው ይሆናል። የምትለውን እንስማ።