ከአጥሚቱ ድስት ሥር

ሰው በድንገት ሲሞት «ምን ነካው?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሥልጣን እንግሊዞች ከ1194 ጀምሮ ነበራቸው፤ ኮሮነር ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአስራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ወሬው እንደደረሰው ከአካባቢው ቢያንስ አስራ ሁለት ሰዎች ይሰበስባል፤ ሰዎቹም አስከሬኑን በዓይናቸው ካላዩ ፍርዳቸው አይጸናም። ችሎቱ ብዙ ጊዜ የሚውለው መጠጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ በመንደሩ ያን ያህል ሰው የሚይዝ ሌላ ቤት ከየት ይመጣል?

የክፍያው ነገር ግን ያስቃል። ከ1487 ወዲህ በነበረው ሕግ ኮሮነሩ 13 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ የሚያገኘው ሟቹ በሰው እጅ መገደሉ ሲወሰን ነው። ወንዝ የወሰደውን ድሃ ለመመርመር ጭቃ ረግጦ የሚሄደው እንግዲህ ለጽድቁ ነው። ይህ የተስተካከለው በ1752 ነው፤ ለአውራጃ ኮሮነሮች በአንድ ምርመራ 20 ሺሊንግ፣ ለመንገዱ ደግሞ በማይል 9 ፔንስ ተቆረጠላቸው። በዚያው ዓመት ኦክስፎርድ ላይ ሜሪ ብላንዲ ተሰቀለች።

ሜሪ በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለችው የሄንሊ ከተማ ጠበቃ የፍራንሲስ ብላንዲ አንድያ ልጅ ነበረች። አባትየው ልጄን ለሚያገባ 10,000 ፓውንድ እሰጣለሁ ብሎ አስወርቷል። ገንዘቡ ግን አልነበረውም። ዊልያም ክራንስቱን የተባለ የስኮትላንድ መኮንን በዚህ ወሬ ተስቦ መጣ፤ እሱም በበኩሉ ሚስት እንዳለው ደብቋል። አማች ሊሆን የመጣው ሰው ባለትዳር መሆኑ ሲታወቅ አባትየው በሩን ዘጋበት። ክራንስቱን ከስኮትላንድ ጌጠኛ ድንጋዮችና «የድንጋይ ማጽጃ» ተብሎ የተጻፈበት ነጭ ዱቄት ላከላት። ሜሪ እስከ መጨረሻው እንደተናገረችው ከሆነ ዱቄቱ አባቷን ከክራንስቱን ጋር የሚያስታርቅ መስተፋቅር ነበር።

በነሐሴ 1751 አባትየው የአጃ አጥሚት ጠጥቶ ታመመ። ከዚሁ አጥሚት የቀመሰችው የቤት ሠራተኛ ሱዛን ጋኔልም አመማት። ሱዛን ድስቱን አላጠበችም። ዘንበል አድርጋ ስታየው ከሥሩ አሸዋ የመሰለ ነጭ ዝቃጭ ተጣብቋል። ቆልፋበት አደረችና በማግስቱ ለጎረቤት ወሰደችው፤ ጎረቤቷ ለመድኃኒት ቀማሚው ሰጠችው። ሜሪ ደብዳቤዎችና አንድ ጥቅል ወረቀት ወጥ ቤት ምድጃ ውስጥ ስትጨምር ደግሞ ሠራተኞቹ ከሰል ደፍተው እሳቱን አፈኑትና ዘወር ስትል ጥቅሉን አወጡት። ዱቄቱ ውስጡ ነበር።

ሐኪሙ አንቶኒ አዲንግተን (ልጁ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል) ዱቄቱን በጋለ ብረት ላይ ነሰነሰው፤ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። ከሱቅ ከተገዛ አርሰኒክ ጋር ጎን ለጎን ሲፈትነው አንድ ሆነ።

ፍራንሲስ ነሐሴ 14 ቀን ሞተ። እንግሊዝ ያን ጊዜ በአሮጌው የጁልያን አቆጣጠር ትሄድ ስለነበር በእኛ ነሐሴ 21 ቀን 1743 መሆኑ ነው። በሄንሊ ኮሮነሩ ከንቲባው ራሱ፣ ሪቻርድ ማይልስ ነበር። በማግስቱ ሰዎቹን ሰበሰበ፤ ሐኪሞቹና ሠራተኞቹ ቃላቸውን ሰጡ፤ በመርዝ ተገድሏል፣ ገዳይዋም ልጁ ናት ተባለ። ሜሪ ከቤት ወጥታ ድልድዩን ስትሻገር ሕዝቡ አሳድዷት ከአንድ መጠጥ ቤት ተጠግታ ነበር። ወደ ኦክስፎርድ እስር ቤት ተላከች። በመጋቢት 1752 ክርክሩ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ፤ የፈረዱት ግን ከወንበራቸው ሳይነሡ አምስት ደቂቃ ያህል ነው የተመካከሩት።

ታውቅ ነበር ወይስ ተታለለች? ለሜሪ የሚከራከሩ ዛሬም አሉ። አባትየው ራሱ በሞት አልጋው ላይ ይቅር ብሏት በፍቅር የታወረች ምስኪን አድርጎ ነው ያያት፤ እሷም ገመዱ ሥር ቆማ አባቴን ልገድል አላሰብኩም ብላለች። እኔን የሚከብደኝ የተመላላሽ ሠራተኛዋ የአን ኤሜት ነገር ነው። ይህች አሮጊት ከአጥሚቱ በፊት ከጌታዋ የተረፈ ሻይ ጠጥታ ክፉኛ ታማ ነበር፤ ሜሪም ማገገሚያ ምግብና መጠጥ ልካላታለች። አሮጊቷን አልጋ ላይ የጣለ ዱቄት ከዚያ በኋላም ወደ አባቷ አጥሚት ገባ። በመስተፋቅር ማመን ይቻላል፤ እንዲህ የሚያስተፋ መስተፋቅር ግን ለሁለተኛ ጊዜ አይሰጥም።

ክራንስቱን ወደ ፈረንሳይ ሸሽቶ ዓመቱ ሳያልቅ በፍላንደርስ ሞተ፤ ለፍርድ አልቀረበም።

ኮሮነሩ የሚሰበስባቸው ሰዎች አስከሬኑን የማየት ግዴታቸው በ1926 ቢቀርም ኮሮነሩ ራሱ ግን ዛሬም ሥራው ላይ አለ። ለንደን ያሉ የአገራችን ሰዎች ያውቁታል፤ የሞተባቸውን ወገን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ አስቀድመው ማሳወቅ ያለባቸው ለእሱ ነው።