አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች በሚማሩበት ክፍል የሥነ-ጥበብ ትምህርት አመራር

የሥነ-ጥበብ ክፍለ ጊዜ ከሌሎች የትምህርት ዓይነቶች የሚለየው ተማሪው ተቀምጦ የሚያዳምጥበት ብቻ ሳይሆን ቁሳቁስ የሚያነሳበት፣ ቀለም የሚበጠብጥበትና ጭቃ የሚያቦካበት በመሆኑ ነው። ይህ እንቅስቃሴ በአግባቡ ካልተመራ በቅድሚያ የሚጎዳው አካል ጉዳተኛው ተማሪ ነው። መቀስ ይቆርጠዋል፣ ቀለም ይደፋል በሚል ስጋት ዳር እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ አለያም ሥራውን ሌላ ሰው ሠርቶለት ስሙ ብቻ ይጻፍበታል። በሁለቱም መንገድ ተማሪው በክፍል እንደተገኘ ቢመዘገብም ትምህርቱን አላገኘም።

ጉዳዩ የመምህሩ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 የአካቶ ትምህርትን፣ በአንቀጽ 30 ደግሞ አካል ጉዳተኞች የፈጠራና የኪነ-ጥበብ ችሎታቸውን ለራሳቸውም ሆነ ለኅብረተሰቡ ጥቅም የሚያዳብሩበት ዕድል እንዲያገኙ ማድረግን የአባል አገራት ግዴታ አድርጎታል። ትምህርት ሚኒስቴር በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ፕሮግራም ስትራቴጂ አውጥቷል።

አካል ጉዳት የፈጠራ ችሎታን እንደማይገድብ ቀደም ሲል በተግባር ታይቷል። ትውልደ ኦስትሪያዊው የሥነ-ጥበብ መምህር ቪክቶር ሎወንፌልድ ወደ አሜሪካ ከመሰደዱ በፊት በቪየና ከተማ ማየት የተሳናቸውን ልጆች ቅርጻ ቅርጽ ያስተምር ነበር። ልጆቹ በዓይናቸው ያላዩትን በመዳሰስና በራሳቸው ሰውነት ስሜት ተመርተው ይቀርጹ እንደነበር በጽሑፎቹ አስፍሯል።

የክፍል አመራር የሚጀምረው ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ነው። ቁሳቁስ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መቀመጥ፣ በጠረጴዛዎች መካከል ለተሽከርካሪ ወንበርና ለክራንች የሚበቃ መተላለፊያ መኖር፣ መቀስና መቁረጫዎችም ሲታደሉና ሲሰበሰቡ መቆጠር ይኖርባቸዋል። ማየት የተሳነው ተማሪ ባለበት ክፍል የዕቃ አቀማመጥ ሲለወጥ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። መምህሩም "እዚህ ጋ" ወይም "እንደዚህ" ከማለት ይልቅ "በቀኝ እጅህ በኩል፣ ከወረቀቱ በላይ" እያለ በቃል ማስረዳት አለበት። ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ በተወጠረ የወንፊት ሽቦ ላይ ወረቀት አንጥፎ በሰም ቀለም ሲሠመር በጣት የሚዳሰስ መስመር ይወጣል። ይህም ተማሪው የሣለውን ራሱ እየዳሰሰ እንዲቀጥል ያስችለዋል። በሙጫ የተለጠፈ ክርም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

መስማት የተሳነው ተማሪ የምልክት ቋንቋን እየተመለከተ በአንድ ጊዜ መሣል አይችልም። ስለሆነም መምህሩ በቅድሚያ ማሳየትና ማስረዳት፣ ከዚያም ለሥራው ጊዜ መስጠት፣ ተጨማሪ መመሪያ ካለውም ሁሉም እጁን አሳርፎ እንዲመለከተው ማድረግ ይኖርበታል። ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ ከቆመ ፊቱና እጁ ስለሚጨልሙ አይታይም፤ ወደ ሰሌዳው ዞሮ መናገርም ጥቅም የለውም። የክፍሉን ትኩረት ለመሳብ መብራት ብልጭ ማድረግ ወይም ሁሉም የሚያውቀው የእጅ ምልክት መጠቀም ከጩኸት የተሻለ ነው።

የእጅ እንቅስቃሴ ውስንነት ላለባቸው ተማሪዎች ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ በፕላስተር ማጣበቅ፣ የብሩሽና የእርሳስ እጀታን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ጠቅልሎ ማወፈር ይጠቅማል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ላለባቸው ተማሪዎች ደግሞ ሥራውን በትንንሽ ደረጃዎች ከፋፍሎ በሥዕል ማሳየት፣ ክፍለ ጊዜውን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሁኔታ መጀመርና መዝጋት፣ ሥራው ከማብቃቱ ጥቂት ደቂቃዎች በፊትም ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሙጫ ወይም ጭቃ መንካት የሚያስጨንቀውን ልጅ ማስገደድ ሳይሆን በእንጨት ወይም በብሩሽ እንዲሠራ ማድረግ ተገቢ ነው።

እንደ ረብሻ የሚቆጠሩ አንዳንድ ድርጊቶች ብዙ ጊዜ መልእክት አላቸው። ወረቀቱን የሚቀድ ወይም ከቦታው የሚነሳ ተማሪ ሥራው ከብዶት፣ ተራ መጠበቅ አሰልችቶት፣ መመሪያው ሳይገባው ቀርቶ ወይም የክፍሉ ጫጫታ በርትቶበት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ሳይለዩ ከክፍል ማስወጣት ችግሩን ወደሚቀጥለው ሳምንት ከማሸጋገር አያልፍም። ጓደኛ እንዲያግዝ ሲመደብም ድርሻው ቁሳቁስ ማቀበል እንጂ መሣል እንዳልሆነ ለሁለቱም ሊነገራቸው ይገባል። ምዘናውም የሥራውን ማማር ብቻ ሳይሆን ተማሪው ምን እንደመረጠና ከባለፈው ምን እንደጨመረ መመልከት ይኖርበታል።

ይሁን እንጂ መምህሩ ብቻውን የማይፈታቸው ጉዳዮች አሉ። ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ቁሳቁስ ማደልና ማጽዳት ሰፊውን ድርሻ ስለሚወስድ ርዕሳነ መምህራን ሁለት ክፍለ ጊዜያትን አከታትለው ቢመድቡ ለእነዚህ ተማሪዎች የሚተርፈው የሥራ ጊዜ ይጨምራል። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በዓመታዊ ዕቅዳቸው ለአላቂ ቁሳቁስ አነስተኛም ቢሆን በጀት መያዝ፣ በአካባቢ የሚገኙትን የሸክላ አፈር፣ ካርቶንና ከሰል በጥቅም ላይ ማዋልን ማበረታታት፣ መምህራንም ከአካቶ ትምህርት የድጋፍ መስጫ ማዕከላት ሙያዊ እገዛ እንዲያገኙ ማመቻቸት ይችላሉ።

ሱፐርቫይዘሮች ክፍል ሲጎበኙም ጸጥታን ብቻ የመልካም አመራር መለኪያ ማድረግ አይኖርባቸውም። የሥነ-ጥበብ ክፍል ሲሠራ ድምፅ ይኖረዋል። ከጸጥታው ይልቅ መጠየቅ ያለበት በወረቀቱ ላይ ያለውን መስመር ያሠመረው ስሙ የተጻፈበት ተማሪ ራሱ መሆን አለመሆኑ ነው።